ጎል ዘግይቶ የሚያየው አማች

ሰው ሚስት የሚከለከለው በምን በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንዱ ሥራ የለውም ይባላል፤ አንዱ መጠጥ ያበዛል ይባላል፤ የሌላው ደግሞ አያቱ ድሮ ከልጅቷ አያት ጋር በመሬት ድንበር ተጣልተው ነበር ይባልና ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ የታወቁና የተከበሩ ምክንያቶች ናቸው። እኔ ግን ልከለከል የነበረው በኢንተርኔት ነው። ስትስቁ ይታየኛል። ሳቁ፤ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ምግብ እንኳን አይወርድልኝም ነበር።

ሥራዬ ኳስ በሬዲዮ ማስተላለፍ ነው። ይህን ስል ትልቅ ስታዲየም፣ መስታወት ያለው ክፍልና የሚሽከረከር ወንበር የታያችሁ እንደሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የማስተላልፈው የአቃቂና የቃሊቲ ፋብሪካ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን ውድድር ነው። ሜዳችን ሣር የሚያበቅለው ጥግ ጥጉን ብቻ ነው፤ መሃሉ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። በአንደኛው በኩል የጭነት መኪና የማያባራበት መንገድ አለ። ኳሷ ዘላ መንገዱ ላይ ካረፈች ጨዋታው ቶሎ የሚቀጥለው ሾፌሩ ደግ ሰው ከሆነ ነው። ክፉ ከሆነ ግን ኳሷን ጭኗት ወደ ደብረ ዘይት ይሄዳል።

ድሮ የማስተላልፈው በሞባይሌ ነበር። ሜዳው ጥግ ላይ አንዲት ድንጋይ ነበረች፤ ኔትወርክ የሚገኘው እሷ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። እዚያ ላይ እቆምና አንዱን ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ፣ በሌላው ስልኩን ይዤ እጮኻለሁ። ከጨዋታው ግማሹ የሚያልቀው “ሄሎ፣ ይሰማል? ሄሎ” በማለት ነበር። አንድ ቀን ከድንጋይዋ ላይ ተንሸራትቼ ስወድቅ ያሰማሁትን ጩኸት ስቱዲዮ ያለው ጓደኛዬ ጎል መስሎት ውጤት ቀይሯል። እስከ ዜና ሰዓት ድረስም አላረምነውም።

እንዲህ እያልን ባቡሩ ቃሊቲ መድረስ በጀመረ ሰሞን ጣቢያችን አዲስ ዕቃ ገዛ። ዕቃዋ ከዳቦ ትንሽ የምትበልጥ ጥቁር ሳጥን ናት። ሁለት ሰው የሚያወራባቸው፣ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር የተያያዙ ማይኮች አሏት። ኢንተርኔት ከተሰካላት ሜዳ ላይ የተናገርከውን መሃል ከተማ ስቱዲዮ ታደርሰዋለች፤ ስቱዲዮ ያለው ሰው ደግሞ በጆሮህ ያናግርሃል። የድምፁን ጥራት ልነግራችሁ አልችልም፤ ተጫዋቹ ሲያነጥስ ሳሪስ ያለ ሰው ይማርህ ሊለው ይችላል። ሳል ሲመጣብህ ተጭነህ ድምፅህን የምትደብቅባት ቁልፍ እንኳን አለቻት። እንዲህ ያለች ቁልፍ ሰው ሁሉ ሲወለድ አንገቱ ላይ ተተክላለት ቢሆን ኖሮ ስንት ትዳር ይድን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ሳጥኗን የሚይዛት መስፍን የሚባል ቴክኒሻናችን ነው። መስፍን ዕቃ የሚወድ ሰው ነው፤ ሰውም አይጠላም፣ ግን ዕቃ ይበልጥበታል። ሥራ አስኪያጃችን ሳጥኗን ሲያስረክበው “የስክሪኗ ላስቲክ እንዳይላጥ፤ አዲስነቷ ይጠበቅ” አለው። እኛ ቤት የቴሌቪዥኑ ሪሞት እስካሁን በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ስለሆነ ነገሩ ለእኔም ትክክል መሰለኝ። ስክሪኗ ላይ ቁጥሮች ይሯሯጣሉ፤ በላስቲኩ ውስጥ ግን በጉም እንደተሸፈኑ ነው የሚታዩት። ማናችንም ምን እንደሚሉ አልጠየቅንም።

አሁን ወደ ወይንሸት ልምጣ። ከሷ ጋር ያስተዋወቀኝ ጉሮሮዬ ነው። ድንጋይዋ ላይ ቆሜ በምጮህበት ዘመን ሰኞ ሰኞ ድምፄ ይዘጋ ነበር። ሳሪስ ካለ መድኃኒት ቤት እሄድና በእጄ ምልክት መድኃኒት እጠይቃለሁ። መድኃኒት የምትሸጠዋ ወይንሸት ነበረች። ለረጅም ጊዜ ዲዳ መስዬአት ኖሬ፣ አንድ ሐሙስ ቀን ሄጄ “እንደምን ዋልሽ” ስላት የያዘችው ጠርሙስ ከእጇ ሊያመልጣት ነበር። ከዚያ ወዲያ ጉሮሮዬ ቢድንም መድኃኒት ቤት መመላለሱን አልተውኩም።

የወይንሸት አባት ጋሽ ተካ ይባላሉ። ከክር ፋብሪካው ጡረታ የወጡ፣ በጉብዝናቸው ጊዜ የፋብሪካው ቡድን በረኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው የት ነው ብትሉኝ ከሰሜኑ ጎል ጀርባ ነው። መረቡን ከግቢያቸው የሚለየው ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሜዳ ከገቡ ቆይተዋል፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ትንሿን ሬዲዮናቸውን ከፍተው ይሰማሉ።

ሽማግሌ የላክሁባቸው በጋሽ ሸምሱ መሪነት ነው። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከሜዳው በር አጠገብ ሱቅ አላቸው። ለሳጥናችን መብራት የምንስበውም ከሳቸው ሱቅ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የተጣላ ሲኖር የሚያስታርቁት፣ የሚጋባ ሲኖር የሚያጋቡት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰው አስከትለው ሄዱና ተነሥተው ጉዳዩን ተናገሩ።

“ልጁ ሥራው ምንድን ነው?” አሉ ጋሽ ተካ።

“ኳስ በሬዲዮ ያወራል” አሉ ጋሽ ሸምሱ።

“ኳስማ እዚህ ሰፈር የማያወራ ማን አለ?”

“እሱ ግን በቀጥታ ነው የሚያስተላልፈው። አዲስ ዕቃም ተገዝቶለታል።”

ጋሽ ተካ ጥቂት አሰቡና “እንግዲያው እሰማዋለሁ። ሰው በሥራው ነው የሚታወቀው። የፊታችን እሁድ ክር ፋብሪካ ይጫወታል አይደል? ሰምቼ መልስ እሰጣችኋለሁ” አሉ።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሌላው ሰው ሲያጭ ስለ ዘሩና ስለ ጠባዩ ጎረቤት ይጠየቅበታል፤ እኔ ግን የምፈተነው በሙያዬ ነው። ለዚያ እሁድ ያልተዘጋጀሁት የለም። የተጫዋቾቹን ስም ከነአባታቸው አጠናሁ። ለጎል የሚሆኑ ቆንጆ ቆንጆ ቃላት አሰናዳሁ። ጨዋታው ሲጀመር ሳጥኗ ፊት ተቀመጥኩና ወንዝ ሆኜ ፈሰስኩ። ክር ፋብሪካዎች ሲያገቡ እኔም አብሬ አገባሁ ማለት እችላለሁ። ሲያበቃ መስፍን አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ እኔም በልቤ የሠርጉን ሚዜዎች መምረጥ ጀመርኩ።

ወደ ማታ ወይንሸት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሏል።

“አባዬ አንድ ነገር ጠየቀኝ” አለችኝ።

“ምን አሉሽ?”

“ልጁ ዓይኑን ያመዋል እንዴ? አለኝ።”

በማግስቱ ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸው አስጠርተውኝ ሙሉውን ነገሩኝ። “ድምፁ ግሩም ነው ብለዋል። ጨዋም ይመስላል ብለዋል። ነገር ግን ጎል ሲገባ መጀመሪያ ሕዝቡ ይጮሃል፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ በዚህ ጆሮዬ እሰማለሁ። ሕዝቡ ጮኾ ትንፋሹን ሲሰበስብ እሱ ገና ‘ኳሷን ይዞ እየገሰገሰ ነው’ ይላል። ፊት ለፊቱ ያለውን ጎል ዘግይቶ የሚያይ ሰው ነገ ልጄ ብትታመም መች ሊያይላት ነው? ብለዋል።”

“እምቢ ማለታቸው ነው?” አልኩ።

“እምቢ አላሉም። ፍጻሜውን ደግሞ ልስማው ነው ያሉት። ካልተሻለው ግን አልሰጥም ብለዋል። ወላሂ፣ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ዓይኔን እታይ ነበር።”

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ አመንኩ። ሰው ስለራሱ የተነገረውን መጥፎ ነገር ለማመን እንዴት እንደሚፈጥን ይገርመኛል። የጨዋታውን እያንዳንዱን ጎል ወደኋላ እያስታወስኩ “እውነትም ዘግይቼ ነው ያየሁት” አልኩ። እንዲያውም ትዝ ሲለኝ፣ ልጅ ሆኜ ታክሲም ካለፈኝ በኋላ ነበር የማየው። በነጋታው የዓይን ሕክምና ሄድኩ።

ሐኪሙ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች አስነበበኝ። ሁሉንም አነበብኩ። ከሥር ማተሚያ ቤቱ ስሙን የጻፈባትን ደቃቃ መስመር ሳይቀር አነበብኩለት።

“ታዲያ ምንህን ነው የሚያምህ?” አለኝ።

“ጎል ዘግይቶ ይታየኛል።”

ብዕሩን አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ። “የማን ቡድን ደጋፊ ነህ?” አለኝ።

“ደጋፊ አይደለሁም፤ አስተላላፊ ነኝ። ሕዝቡ ጎሉን አይቶ ሲጨርስ ነው እኔ የማየው። አማቼ ናቸው ያገኙብኝ።”

ዓይንህ ጤነኛ ነው አለኝ። ግድ የለም መነጽር እዘዝልኝ ብዬ ለመንኩት። ከወንበሩ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝና ጥሩ እንቅልፍ እንድተኛ መክሮ ሸኘኝ።

ጉዴን ለመስፍን የነገርኩት ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ነው። መስፍን ሳጥኗን በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለ ሰማኝ፤ ስጨርስ አንገቱን ሳያቀና “ዓይንህ ደህና ነው። የምትዘገየው እሷ ናት” አለኝ።

“ማን?”

“ሳጥኗ። ድምፅህ ተቆራርሶ ነው በኢንተርኔት የሚሄደው። ሜዳው በሰው ሲሞላ ሁሉም ስልኩን ስለሚነካካ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። አንዱ ቁራጭ ቀድሞ ይደርሳል፣ አንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሳጥኗ ሁሉም እስኪሰበሰብ ትጠብቅና አሰልፋ ትለቃለች። እንዳይቆራረጥብህ ብዬ መጠበቂያዋን እኔ ነኝ ከፍ ያደረግሁት።”

“ምን ያህል ነው የምትጠብቀው?”

“ስክሪኗ ላይ ይጽፈዋል። ላስቲኩ አያሳይም እንጂ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“ምን ይጎዳል ብዬ ነው? ሳሪስ ያለ ሰው ጎሉን የሚያውቀው ካንተ ነው፤ መዘግየቱን በምን ያውቃል? ሜዳ ያለው ደግሞ በዓይኑ ያያል። ከሜዳው አጥር ሥር ቁጭ ብሎ፣ በአንድ ጆሮው ሕዝቡን በሌላው ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?”

እውነቱን ነው። በዚያ ሁሉ ከተማ ውስጥ የሳጥኗ መዘግየት የሚታወቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ያም አንድ ሰው ልጁን የምለምነው ሰው ሆነ። የተናደድኩት በማን ላይ እንደሆነ ሳላውቅ ተናደድኩ።

“ሄደህ አታስረዳቸውም?” ትሉ ይሆናል። ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ሳይሰጠው የልጅቷ አባት ደጅ ድርሽ ይላል እንዴ? የምናገረው በሽማግሌዎቼ አፍ ብቻ ነው። ለጋሽ ሸምሱ የመስፍንን ማብራሪያ ደጋግሜ አስጠናኋቸውና ላክኋቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ፈካ አላለም። “ዕድሜ ልኬን ከማሽን ጋር ነው የኖርኩት፤ ማሽን ሲዘገይ ይጠገናል እንጂ ሽማግሌ አይላክበትም ብለዋል” አሉኝ። ወይንሸትም በበኩሏ ልታስረዳ ሞክራ “አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ጠበቃው የሆንሽው?” ተብላለች።

የፍጻሜው እሁድ ደረሰ። ክር ፋብሪካ ከቆርቆሮ ፋብሪካ ነው። ሰው ከኮዬ ፈጬ ሳይቀር በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ ሜዳው ጢም ብሏል። ጨዋታው ሳይጀመር መስፍንን ለመንኩት፤ “መጠበቂያዋን ዝቅ አድርግልኝ፤ ትዳሬ ነው” አልኩት። እያዘነ ዝቅ አደረገውና ሞከርን። የተጫዋቾቹን ስም በሙሉ፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የሜዳውን ታሪክ ተናገርኩ። በመሃል አቧራው ይዞኝ ሳልኩ፤ ቁልፏን መጫን ረስቻለሁ። ስቱዲዮ ያለው ጓደኛችን በጆሮዬ “አንድም ቃልህ ሙሉ ሆኖ አልደረሰኝም። በደንብ የተሰማኝ ሳልህ ነው። እንደነበረው መልሱት” አለኝ። መለስነው።

ያን ጊዜ ነው ያ የማይረባ ሐሳብ የመጣልኝ። ሳጥኗ ወደኋላ ከጎተተችኝ እኔ ለምን ወደፊት አልቀድምም? የሚሆነውን ከመሆኑ በፊት ከተናገርኩት፣ ሳጥኗ ስታዘገየው ልክ በሰዓቱ ጋሽ ተካ በረንዳ ላይ ይደርሳል። በጭንቅላቴ ኮራሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ አስተላላፊ እስከዛሬ የለም አልኩ። እውነት ነው፣ የለም።

ደግሞ ሠራ። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ “ነፋ” እላለሁ፤ ይነፋል። በረኛው ኳሷን ለመለጋት ሲንደረደር “ለጋት፣ መሃል ሜዳ አረፈች” እላለሁ፤ እንዳልኩትም ታርፋለች። ኳስ ከእግር ሳይወጣ የማእዘን ምት አውጃለሁ፤ ተከላካዩ እንዳላሳፍረው ብሎ ይመስል ያወጣታል። መስፍን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። እረፍት ላይ ከወይንሸት መልእክት ገባልኝ፤ “አባዬ ፈገግ አለ። ዛሬ ተሽሎታል አለ። ቀጥል” ይላል። እንባዬ መጣ።

ሰው ሲሳካለት አያርፍም። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የክር ፋብሪካው አጥቂ ቶሎሳ ኳሷን ይዞ ተከላካዮቹን አለፈ። በረኛውንም አለፈ። ፊቱ ባዶ ጎል ብቻ ቀረው፤ ከሱ ጀርባ የጋሽ ተካ ቆርቆሮ አጥር ይታየኛል። ልቤ ቀለጠ። “ጎል” ብዬ ጀመርኩና ቃሉን እንደ ላስቲክ ጎተትኩት። ካዘጋጀኋቸው ቆንጆ ቃላት አንዱንም አላስቀረሁም። የቶሎሳን አባት ስም ጠራሁ፣ እናቱን አመሰገንኩ። ቶሎሳ በበኩሉ ኳሷን ረግጧት ተንሸራተተና በጀርባው ወደቀ፤ ኳሷ ከቋሚው ጎን ቀስ ብላ ወጣች።

ሜዳው ጸጥ አለ። ጩኸቴን የሰሙት አጠገባችን የቆሙ ሰዎች ዞረው ያዩኝ ጀመር። ስቱዲዮ ያለው ጓደኛችን “ውጤቱን ልቀይር ወይስ እንደ ድንጋይዋ ጊዜ ነው?” አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ወይንሸት ናት፤ “ምን አደረግክ? አባዬ ሬዲዮውን ይዞ ወጣ” ይላል።

ነገሩን በሳቸው በኩል ሆናችሁ እዩት። ሕዝቡ ምንም ሳይል እኔ ለቶሎሳ እናት ሳይቀር ምርቃት አድርሻለሁ። እስካሁን ደነዝ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ውሸታምም ሆንኩ። ዓይኑ የሚያመውን ልጅ ማሳከም ይቻላል፤ ያልገባ ጎል የሚያገባውን ግን ማን ቤቱ ያስገባዋል? ማስተላለፌን ቀጠልኩ፤ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም። ዓይኔ የሜዳው በር ላይ ነበር።

መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ በሌላው ሬዲዮ ይዘው፣ እያነከሱ በመስመሩ ዳር መጡ። ስንት ዘመን ያልረገጡት ሜዳ ስለሆነ የሚያውቋቸው ሁሉ እየተነሡ መንገድ ለቀቁላቸው። ጨዋታውን የሚያይ እንኳን አልነበረም። መጥተው በቀጥታ ጠረጴዛችን ጫፍ ላይ ቆሙ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በቀጥታ ስርጭት ላይ ነኝ፤ ጆሮዬ ላይ የታሰረው ማዳመጫ ገመዱ አጭር ነው። በሌላ በኩል ልጃቸውን የጠየቅኋቸው ሽማግሌ ፊቴ ቆመዋል። እናቴ ታላቅ ሲመጣ ተቀምጦ የሚጠብቅ ልጅ አላሳደገችም። ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ እጅ ነሥቼ፣ በሙሉ ድምፄ “ኖር ጋሽ ተካ፣ ኖር” አልኩ።

እኔ ስነሣ ገመዱ አብሮኝ ተነሣ። ገመዱ ሲነሣ ሳጥኗ ተከተለችው። ከጠረጴዛው ላይ ተንሸራታ ስትወርድ መስፍን እንደ በረኛ ተወርውሮ በአየር ላይ ያዛት። ሲይዛት ጣቱ የስክሪኗን ላስቲክ ሙልጭ አድርጎ ላጠው። እኔ በድንጋጤ አፌን ገጥሜ ቆሜያለሁ። ጋሽ ተካ ዝም፣ መስፍን መሬት ላይ ዝም፤ የማንም ድምፅ አይሰማም።

በዚያ ዝምታ መሃል ከጋሽ ተካ እጅ ላይ፣ ከሬዲዮኑ ውስጥ፣ የኔው ድምፅ “ኖር ጋሽ ተካ፣ ኖር” አለ።

“በእግዜር” አሉ ጋሽ ተካ ለሬዲዮኑ፣ ከልማድ የተነሣ። ከዚያ ቀና ብለው የተገጠመውን አፌን አዩ። ሬዲዮኑን አዩ። ደግሞ አፌን አዩ።

“አሁን ተናገርክ?” አሉኝ።

“የቅድሙ ነው ጋሽ ተካ።”

ቆይተው ሬዲዮኑን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። “የቅድሙ ነው ጋሽ ተካ” አላቸው ሬዲዮኑ።

በሕይወቴ የሰው ፊት እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲፈታ አላየሁም። ከመሬት እየተነሣ ያለውን መስፍንን ጠጋ ብለው ስክሪኗን ተመለከቱ። “ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?”

“የምትዘገየው ነው” አለ መስፍን አቧራውን እያራገፈ።

“ታዲያ ይሄን በላስቲክ ሸፍናችሁ ነው ሰው የምትልኩብኝ?”

በጆሮዬ ስቱዲዮው “ምንድን ነው እየሆነ ያለው? ማነው ጋሽ ተካ?” ይለኛል። ጋሽ ተካ ግን ዓይናቸው ሜዳው ላይ አርፏል። የበረኛ ዓይን ነው፤ ጉልበት ቢያረጅም እሱ አላረጀም። “ያ የቆርቆሮ ፋብሪካ በረኛ ከጎሉ ርቆ ወጥቶ ምን ይለቅማል?” አሉ። መስፍን ሳይጠይቃቸው ሁለተኛውን ማዳመጫ ራሳቸው ላይ አጠለቀላቸው፤ እኔም ወንበሬን ለቀቅኩላቸውና ቆሜ ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ ሁሉ እንደዚያ ቢሆን እመኛለሁ። እኔ ኳሷን ስከተል እሳቸው በረኞቹን ይከታተላሉ። አንዱን “እጁን ቤቱ ረስቶት ነው የመጣው” አሉት። ሌላውን “መዝለሉ ጥሩ ነበር፤ ኳሷ ከሄደች በኋላ ሆነ እንጂ” ካሉት በኋላ ወደኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ። ሊያልቅ ሲል ቶሎሳ ያችን የቅድሟን የመሰለች ዕድል አገኘ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ግን ያዝኩት። ኳሷ መረቡን ስትነካ ነው “ጎል” ያልኩት። ሕዝቡ ፈነዳ። ጋሽ ተካ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሬዲዮኑን ወደ ጆሯቸው ወሰዱና ሳቁ። “ይኸው አሁን ደግሞ ለሳሪሶች ገባላቸው” አሉ።

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ በጆሮዬ የመጣው ድምፅ የሥራ አስኪያጃችን ነበር። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። “እኚህን ሽማግሌ ከየት አመጣሃቸው? ስልኩ አላርፍ አለ፤ ሰው ወዶአቸዋል። ምንህ ናቸው?” አለኝ።

“ገና መልስ አልተሰጠኝም” አልኩት።

ጋሽ ተካ ይህን ሰሙ። ማይኩን በጣታቸው ጠጋ አደረጉት። ገና በስርጭት ላይ ነን።

“ሸምሱ” አሉ። “ሱቅህ ውስጥ ሬዲዮ እንደከፈትክ አውቃለሁ። የቀጠርኩህን መልስ በአደባባይ ልንገርህ። የልጁ ዓይን ደህና ነው። ሰዎችህን ይዘህ ና፤ እሺ ብያለሁ።”

ማዳመጫውን አውልቄ ወደ ሰሜኑ ጎል ዞርኩ። ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ ወይንሸትና እናቷ ሬዲዮ ከፍተው ተቀምጠዋል። ጸጥ ብሏል። ምንም የለም። ሳጥኗ ተበላሽታ ይሆን? ስትወድቅ ገመዷ ላልቶ ይሆን? ቅድም ሁሉን በጆሯቸው ሲያሰማ የነበረው ኔትወርክ አሁን ይህችን አንዲት እሺታ መንገድ ላይ ጥሏት ይሆን? ፈራሁ። ጋሽ ተካን ሳያቸው እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በእርጋታ፣ አጥራቸውን እያዩ ይጠብቃሉ።

ከቆርቆሮው ጀርባ እልልታው ፈነዳ።

“ይኸው” አሉኝ ጋሽ ተካ ትከሻዬን በእጃቸው እየያዙ፣ “አሁን ደረሰላቸው።”